ጎተራና መሶብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ፥ ሳያስበው ስለ ኑሮ አንድ ትምህርት ይቀበላል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላም ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይዝ የሚነዳ ሹፌር ገደል ይገባል፤ ዳገቱንም ነዳጅ እየሰሰተ የሚነዳ ከመካከል ይቆማል። አንዱ መኪና፥ በአንዱ ቀን፥ በአንዱ መንገድ ላይ መያዝንም መልቀቅንም ይሻል። ትዳርም በገንዘብ ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህን መንገድም፥ የመንገዱን ገበያዎችም ብዙ ጊዜ ዘግቷል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጉዞ እንደ ቀድሞው ቀላል ጉዞ አድርገህ እንዳትገምት። ነገር ግን ባልና ሚስት ስላላቸው ጥቂት ነገር ይበልጥ መመካከር የሚገባቸው በእንዲህ ያለው ዘመን ስለ ሆነ፥ የሀገሩን ልማድ ለማስታወስ ጊዜው አሁን ነው።

ከደጀን በኋላ ምድሩ ይዘረጋል። በሉማሜና በአምበር በኩል እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ግራና ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ናት። ቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበረ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የወንጌላዊውን የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ግን ከተማዪቱ በታቦቱ ስም ተጠራች። እኒህ ንጉሥ በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጭነው በ1893 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

የአካባቢውን ባላገር ቁጥብነት ለመረዳት ከንጉሡ ዘመን አንዱን ክፍል ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ያ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብ በመላ ኢትዮጵያ ሲወርድ፥ መነሻው የከብት በሽታ ነበረ። በሬው አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ጎተራ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ሁሉ «ለክፉ ቀን» የሚለውን ቃል ከእናቱ ወተት ጋር ጠጥቶ አደገ። ስለዚህ የጎጃም ባላገር እህሉን ሲቆጥብ ያየ እንግዳ ንፉግ ነው ብሎ አይፍረድበት፤ ቁጠባው የመከራ ልጅ ነውና።

ይሁን እንጂ ያው ባላገር እንግዳ ሲመጣበት እግር ያጥባል፥ መሶብ ያቀርባል፥ ጠላ ይቀዳል። እንግዳው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ!» እያለ ያጎርሰዋል። ታዲያ ይህ አንድ ሰው ንፉግ ነውን ወይስ ቸር? መልሱን የሚያገኘው ወደ ቤቱ የገባ ሰው ነው። በደገኛው ቤት ሁለት ዕቃዎች አሉ፤ አንደኛው ጎተራ፥ ሁለተኛው መሶብ። ጎተራ አፉ ጠባብ ሆኖ የሚከደን ነው፤ መሶብ ሰፊ ሆኖ በሰው መካከል የሚከፈት ነው። ጎተራ የሌለው ቤት መሶቡ በሐምሌና በነሐሴ ባዶ ይሆናል። መሶብ የማይከፈትበት ቤት ደግሞ ጎተራው የነቀዝ ምግብ ይሆናል። ቤት ቤት የሚባለው ሁለቱም ሲኖሩት፥ ይልቁንም ባልና ሚስቱ የትኛው መቼ እንዲከፈት ሲስማሙ ነው።

ከደብረ ማርቆስ በስናን ወረዳ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገድ አለ። የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። መንገደኛው በወጣ ቍጥር ጤፉ ይቀርና ስንዴው ይመጣል፤ ስንዴውም ይቀርና ገብሱ፥ ድንቹና እንግዶው ይተካል፤ ከዚያ በላይ ሣርና ጅባራ ብቻ ነው። ከዚህ ተራራ ብዙ ወንዞች ይመነጫሉ፤ ጨሞጋ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ያልፋል፥ ሙጋና ሱሃም ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። በምዕራብ በኩል ደግሞ ብር የሚባል ወንዝ አለ፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። የብርን ስም የሰማ ቀልደኛ መንገደኛ «በጎጃም ብር እንደ ውኃ ይፈሳል» ቢል አይፈረድበትም። ወንዝ የሚጠቅመው ግን ጥቂቱ ተገድቦ፥ ጥቂቱ ማሳ አጠጥቶ፥ የቀረው ሲያልፍ ነው። ሁሉ ቢያልፍ ድርቅ ነው፤ ሁሉ ቢገደብም ረግረግ ነው።

በዚሁ መንገድ ዳር በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት ታሪክ ለዚህ ነገር ምስክር ይሆነናል። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። ጥንድ በሬ፥ ጥቂት በጎችና አንዲት ላም ነበሩአቸው። የባልየው አባት ባረፉ ጊዜ ዘመድ ሁሉ የአርባውን ተዝካር ይጠባበቅ ጀመር። በሀገሩ ልማድ ለእንደዚህ ያሉ የተከበሩ ሽማግሌ በሬ ሳይጣል ማሳረፍ ነውር ነበረ። ባልየው «አባቴን እንደ ድኻ አልሸኝም» አለ። ሚስቲቱ በድግስ ቀን እጇ የሚፈታ፥ በደቦ ጊዜ ጠላዋ የሚመሰገን ሴት ነበረች፤ በንፍገት የሚያማት የለም። እርሷ ግን «አንዱ በሬ ከታረደ መቀናጆ ፈላጊዎች ነን፤ የሰው በሬ እስኪለቀቅልን ዝናቡ ያልፍብናል፤ ዝናቡ ካለፈን የልጆቻችንን እንጀራ ነው ያረድነው» አለች።

ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ሲል ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ካህኑም ሁለቱንም አድምጠው፥ ሙታንን የሚረዳቸው ጸሎተ ፍትሐቱ፥ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት መሆኑን፥ የሥጋው ብዛት ግን ለነፍስ የሚጨምረው እንደሌለ አስረዱአቸው። ከዚህ በኋላ ሁለት በግ አረዱ፤ ጠላ ጠመቁ፤ ካህናቱን ጋበዙ፤ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች ግን ቀድሞ ከታሰበው ይልቅ አብዝተው ሰጡ። በሬው ከቀንበሩ አልወጣም።

ይህ ያለ ዋጋ አልሆነም። ከዘመድ መካከል «አባቱን በበግ ሸኘ» ብሎ ያማ ሰው ነበረ፤ አንድ የቅርብ ወንድምም ሁለት ክረምት ያህል ደጃቸውን ሳይረግጥ ቀረ። ባልየው ይህን ሲነግረኝ ፊቱ አልበራም። «መምህር፥ ወንድሜን ማጣቱ ከበሬው ይከብዳል፤ እርሷ ከጎኔ ባትቆም ኖሮ ግን በሬውንም ወንድሜንም አጣ ነበር» አለኝ። እኔም ከዚህ የተረዳሁት፥ ቁጠባ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሐሜት ብቻ እንደሚያተርፍ፥ ለሁለት ከሆነ ግን ሐሜቱን የሚሸከም ትከሻ እንደሚያገኝ ነው። «እንደ ቤቴ እኖራለሁ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለመኖር ግን ባልና ሚስት በአንድ ልብ መሆን አለባቸው።

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው «ሁሉን መቆጠብ ነው» ብሎ እንዳይደመድም፥ ተቃራኒውን ደግሞ ከከተማው እናምጣ። ሁለቱም ደመወዝተኞች የሆኑ ባልና ሚስት በደብረ ማርቆስ ቤት ለመሥራት አሳብ አደረጉ። አሳቡ መልካም ነበረ። ባል ግን ቁጠባን እንደ ስእለት ያዘው። ለሰባት ዓመት ያህል በዓል በቤታቸው እንደ ሥራ ቀን አለፈ፤ ቡና ሲፈላ እንኳ ስኳሩ ይቈጠር ነበር። ሚስቲቱ የታናሽ እኅቷን ሠርግ ለማየት ወደ ሩቅ ሀገር ልትሄድ ስትል «የመንገዱ ዋጋ ስንት ብሎኬት ይገዛል?» ተብላ ቀረች። «ቤቱ ይሠራ ይሆናል፤ የእኅቴ ሠርግ ግን ሁለተኛ አይደገምም» ብላ አለቀሰች እንጂ አልተጣላችም።

ከዚያም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አስቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክ የተቀመጠው የባልና የሚስቱ ብር ቍጥሩ አልጐደለም፤ የሚገዛው ቆርቆሮና ብረት ግን አነሰ። ያን ጊዜ ባል ተቀምጦ አሰበ። ብሩ የተወሰነ ኀይሉን አጥቷል፤ ያለፉት በዓላትም አይመለሱም። ደስታ በባንክ ደብተር ተጽፎ ወለድ የሚወልድ ነገር አይደለም፤ በጊዜው ካልተበላ ይሻግታል።

እነዚህ ሁለት ቤቶች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሕመማቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ቤት ባል የሰውን ዐይን ፈርቶ ሊያባክን ነበር፤ በሁለተኛው ቤት ባል ነገን ፈርቶ ዛሬን ነፈገ። የሁለቱም ምንጭ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ መልካም መጋቢ አይደለም። የመጀመሪያው ቤት የዳነው ሚስቲቱ ስለ ተሰማች ነው፤ ሁለተኛው የተጐዳው ሚስቲቱ ስላልተሰማች ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሚዛን ከጥንት ጀምሮ በቀን መቍጠሪያዋ አስቀምጣልናለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ግን እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። 55 ቀን «ያዝ» ያለችን እናት 50 ቀን ደግሞ «ልቀቅ» ብላናለች። በባሕረ ሐሳብ ሕግ ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፥ ከሚያዝያ 30 ቀንም በኋላ አይውልም። ስለዚህ ሚያዝያ 30 ቀን የሚውለው የወንጌላዊው የማርቆስ በዓል፥ የደብረ ማርቆስ ታላቅ በዓል ማለት ነው፥ ምንጊዜም በጾም ላይ አይወድቅም፤ ሁልጊዜ በደስታው ወራት ውስጥ ነው። ጾሙን የጾመ ሰው የበዓሉን እንጀራ በንጹሕ ኅሊና ይቈርሳል።

በወንጌልም እንዲሁ ነው። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ላይ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ውኃ ወደ ወይን ለውጦ የሙሽሮቹን ደስታ ሞላ፤ «በዚህ ዋጋ ስንት ድኻ ይመገባል?» አላለም። ያው ጌታ አምስቱን እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ግን ፍርፋሪው እንዳይባክን አሰብስቦ ዐሥራ ሁለት መሶብ ተሞላ። አንዱ እጅ ሰጠ፤ ያው እጅ ሰበሰበ። የቢታንያዪቱ ማርያም ሦስት መቶ ዲናር የሚያወጣውን ሽቱ ባፈሰሰች ጊዜ በድኾች ስም የተቈጣው ይሁዳ ነበር፤ ከረጢቱን ይዞ ከውስጡ ይወስድ የነበረውም እርሱ ነው። ስለ ቁጠባ የሚናገር ሁሉ ቁጠባን ይወድዳል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ከረጢቱን ብቻውን መያዝ ይወድዳል።

ስለዚህ ነገር ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ለሙሽሮች ሲመክር፥ «የእኔ» እና «የአንቺ» የሚባለውን ንግግር ከቤት እንዲያወጡ አስተምሯል። የሀገራችን ሕግም ወደዚሁ ይቀርባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከባልና ሚስቱ አንደኛው ብቻውን የጋራ ቤትን ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረትን እንዳይሸጥ፥ ከ500 ብር በላይ እንዳይበደርና እንዳያበድር፥ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ገንዘብም በስጦታ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋልና። በብሩ መርከስ ምክንያት 500 ብር ዛሬ ትንሽ ቢሆንም አሳቡ ግን አላረጀም። በአማራ ክልልም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ተጽፎበታል። መሬቱ የሁለት ከሆነ፥ ከመሬቱ የሚገኘው እህልና እህሉ የሚያመጣው ደስታም የሁለት ነው።

የፈረንጅ ሀገሮች ባንኮች እ.ኤ.አ. በ1924 በሚላኖ ተሰብስበው ኦክቶበር 31 ቀን የዓለም የቁጠባ ቀን እንዲሆን ወስነዋል። መልካም አሳብ ነው። የእኛ ደገኞች ግን የቁጠባ ቀናቸው መኸር ከገባ በኋላ ያለች አንዲት ምሽት ናት። አዝመራው ተወቅቶ፥ እህሉ ተሰፍሮ ሲያልቅ፥ አስተዋይ ባልና ሚስት እሳት ዳር ተቀምጠው ይመክራሉ። ከነዚህ ብልህ ቤቶች የቀሰምሁትን ሥርዓት በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፥ ከሁሉ በፊት ዘሩ ይለያል፤ ዘር የበላ ሰው የከርሞን ልጁን በልቷል ይባላልና። የማዳበሪያ ዕዳና ግብርም ከዚሁ ጋር ይታሰባል። ደመወዝተኛው ደግሞ በዘር ፈንታ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ያስቀምጣል።

ሁለተኛ፥ እስከ መጪው መኸር የሚበላው በወር በወር ይሰፈራል፤ በዚህ ላይ የሚስት ቃል ይቀድማል፥ ቁናውን የምታውቀው እርሷ ናትና።

ሦስተኛ፥ የእግዚአብሔርና የሰው ድርሻ ይለያል፤ ይኸውም ለቤተ ክርስቲያን፥ ለእድር፥ ለሰንበቴና ለማኅበር የሚወጣው ነው። ከአቅም በላይ በአምስትና በስድስት ማኅበር ገብቶ ሁሉን በብድር መደገስ ግን ጽድቅ አይደለም። ከዚህ ድርሻ ለቆሎ ተማሪው የምትሰጠው ቁራሽ አትቅር፤ ዲማና ደብረ ኤልያስ የቅኔ ሊቃውንትን ያፈሩት በባላገሩ እናቶች ቁራሽ ጭምር ነው።

አራተኛ፥ የቤቱ የደስታ ድርሻ ይለያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደስታን ከሁሉ የተረፈ እንጥፍጣፊ ያደርገዋል፤ እንጥፍጣፊውም አይገኝም። ብልሆቹ ግን «ይህ ለፋሲካ በግ፥ ይህ ለልጆች ልብስ፥ ይህ እናቴን ለመጠየቅ» ብለው አስቀድመው ይሰይሙታል። የተሰየመ ደስታ አያባክንም፤ የሚያባክነው ሳይሰየም በብልጭታ የሚመጣው ነው።

አምስተኛ፥ ለእያንዳንዳቸው የማይጠየቁበት ጥቂት ነገር ይተዋል። በደጋው ቤት የእንቁላሉና የዶሮው ብር የሚስት ነው፤ ባልም በገበያ ቀን ከወዳጁ ጋር የሚጠጣው አንድ ብርሌ ጠጅ አይቈጠርበትም። በጥቂቱ መታመን በብዙው ለመተማመን ያስለምዳል።

ስድስተኛ፥ ቁጠባው ሁሉ በአንድ ቦታ አይቀመጥ። ባላገሩ ጥቂቱን በእህል፥ ጥቂቱን በበግ፥ ጥቂቱን በዕቁብ፥ ጥቂቱን በባንክ ያኖራል። በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍም ሌላ ባንኩ ነው፤ ልጅ ሲዳር ይቈረጣል፥ ክዳን ሲያፈስም ይሸጣል። ብር ሲረክስ ዛፉ ያድጋል፤ ዛፉ ሲረክስ በጉ ይወልዳል።

ከተማ ያሉት ባልና ሚስት ዛሬ በየወሩ መጨረሻ እንዲሁ ተቀምጠው ይመክራሉ። ቤታቸው ገና አላለቀም፤ መሠረቱና ግድግዳው ቆሟል፥ ክዳኑ ይቀረዋል። ነገር ግን የማርቆስ ዕለት የሚስቲቱን እናት ከገጠር አስመጥተው ቡና ያፈላሉ፥ ዳቦ ይቈርሳሉ። ባልየው «ክዳኑ ስድስት ወር ቢዘገይ ነው፤ አማቴ ግን ሰማንያ ዓመት ሆኑአቸው» ይላል። ስኳር የሚቈጥረው ሰው የሰውን ዘመን መቍጠር ጀመረ ማለት ነው። ያ የቀረው የእኅቷ ሠርግ ግን ቀርቷል፤ ሚስቲቱም ይቅር ብላለች እንጂ አልረሳችም። አንዳንድ ቁጠባ ዕዳ ሆኖ የሚኖር መሆኑን ለማስተዋል ይህ ይበቃል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በተለይም አዲስ ጎጆ የወጣችሁ፥ ዛሬ ማታ ራታችሁን በልታችሁ ስትጨርሱ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ። ባል ሚስቱን «በዚህ ዓመት የቱን ብናስቀር ቅር ይልሻል?» ይበላት፤ ሚስትም ባልዋን «የቱን ብናወጣ እንቅልፍ ያሳጣሃል?» ትበለው። መልሱን ሳትከራከሩ አድምጡት፤ ከዚያም ብሩን ቍጠሩ። ብሩን አስቀድሞ የሚቈጥር ቤት ብዙ ጊዜ ልቡን ሳይቈጥር ያድራልና።

የቃናውን ሠርግ የባረከ አምላክ ጎተራችሁን ከነቀዝ፥ መሶባችሁን ከባዶነት፥ ልባችሁን ከመለያየት ይጠብቅ፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።